መርዶ ነጋሪው ክፍሉና የለንደኑ ክስ

ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ ክፍሉን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ በማለዳ በሩን ሲያንኳኳ ደስ ብሎት የሚከፍትለት ሐበሻ ግን ከነጭራሹ የለም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። መርዶ የሚነግረው እሱ ስለሆነ ነው።

እንዴት እንደጀመረው ራሱም በደንብ አያስታውስም። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ጠፍቶ ተለምኖ ሄደ፤ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ለቅሶ የማያስደነግጠው፣ ራሱን መሬት ላይ ሊጥል የሚታገለውን ሰው አቅፎ ለመያዝ ጉልበት ያለው ሆኖ ተገኘና በዚያው ቀረ። እንጀራው ሌላ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ እያነሳ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አነስተኛ አውቶቡስ ይነዳል። ሻንጣ ይጭናል፣ ሻንጣ ያወርዳል፣ ጉርሻ ይቀበላል፤ በዚህ ሥራው ማንም ፈርቶት አያውቅም።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። ዳላስ ይህን ምቾት አትሰጥም። አንዱ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ይተኛል፣ ሌላው ጎህ ሳይቀድ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ይቆልላል። ስለዚህ ክፍሉ የሰዉን ሁሉ ሺፍት ከአለቆቻቸው እኩል ያውቃል። ቀድሞ ለአለቃ ደውሎ ፈቃድ ያስጨርሳል። ዘመድ አዝማድ በስልክ አፈትልኮ እንዳያበላሸው ያስጠነቅቃል። ከሁሉም በላይ መኪና የት እንደሚቆም ያውቃል። በማለዳ ከመስኮቱ ሥር አምስት የሐበሻ መኪና ተደርድሮ ያየ ሰው አንድ ቃል ሳይነገረው ደረጃው ላይ ይወድቃላ! ስለዚህ ክፍሉ ሽማግሌዎቹን ሁሉ «ከሎንደሪው፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ራቅ አድርጋችሁ ፓርክ አድርጉና በእግር ኑ» ይላቸዋል። የጉልበት በሽታ ያለባቸው ያጉረመርማሉ፤ እሱ አይሰማቸውም።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው አንድ መርዶ ሳይነግር ቀረ። የየትምወርቅን።

የትምወርቅ ከክፍሉ ቤት ሁለት መታጠፊያ ራቅ ብሎ ያለ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር፣ አርባዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ኤርፖርቱ ውስጥ አዛውንትና በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አውሮፕላናቸው በር ላይ ታደርሳለች። ሥራዋን አትቀልድበትም። የምትገፋቸው አሮጊቶች በረራቸው እንዳያመልጣቸው ስትሮጥ ያያት ሁሉ ይስቅባታል፤ እሷም አብራ እየሳቀች መሮጧን ትቀጥላለች። ክፍሉን «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱም እንደ ታናሽ እህቱ ያያታል።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስምንት በገባ በመጀመሪያው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንድሟ ሙሉጌታ ከደብረ ብርሃን ለክፍሉ ደወለ።

«ጋሽ ክፍሉ፣ እማዬ አረፈች» አለው። «በእንቅልፏ ነው የሄደችው። ቀብሩን ለእህቴ ስንል እስከ ማክሰኞ እናቆያለን። እንዴት እንደሚነገራት መቼም አንተ ታውቃለህ።»

ክፍሉ እንደ ልማዱ ሽማግሌ ሊሰበስብ ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ዛሬ ቢነግራት ነገ ብቻዋን ነው የምትሳፈረው። ከዳላስ ለንደን፣ ከለንደን አዲስ አበባ፣ ያን ሁሉ መንገድ ከማታውቀው ሰው ጎን ተቀምጣ። እዚያ ላይ ማን ያቅፋታል? ማን ፊቷን ያጥብላታል? ስለዚህ እናትሽ ታመዋል ሊላት፣ እዚያ ስትደርስ የገዛ ወገኖቿ ሊነግሯት ወሰነ። ማንም አላስገደደውም። የወሰነው እሱ ነው።

ሄዶ «እማማ እታለማሁ ትንሽ አሟቸዋል፤ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ» አላት። ለእሁድ ቲኬት ተቆረጠላት። አገር ቤት እንደ ልብ የማይገኝ የደም ግፊት መድኃኒት ለእናቷ ከምታውቃት ነርስ ለምና አገኘች። ከሰዓት በኋላም «ጋሼ፣ ሱቅ አድርሰኝ» አለችውና ወሰዳት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ስለምታውቅ ውስጡ ሱፍ የሆነ የቤት ጫማ መረጠች፤ ከዚያ ሁለት ቁጥር በሁለት እጇ ይዛ መወሰን አቃታት።

«የቱ ይሻላል ጋሼ?»

«ትልቁን ውሰጂ» አላት ክፍሉ። «የታመመ ሰው እግሩ ያብጣል።»

ገንዘቡን እንኳ እሱ ነበር የከፈለው።

ሰኞ ዕለት ሥራ ላይ እያለ ከለንደን ደወለችለት። «ጋሼ፣ በረራውን ካንስል አደረጉት! ብልሽት ነው ይላሉ፤ መቼ እንደምንሄድ የሚነግረን የለም። አገር ቤት ስደውል አልገባ አለኝ፣ ካርዴም ሊያልቅ ነው። እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው» አለ ክፍሉ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ዝምታው አስጨነቀውና ጨመረበት። «አንቺን እየጠበቁ ነው።»

አየር መንገዱ የሚያሳፍራት አውሮፕላን ያገኘው ረቡዕ ነው። ቀብሩ ከዚያ በላይ መቆየት ስላልቻለ ማክሰኞ ያለ እሷ ተፈጸመ። ሐሙስ አዲስ አበባ ስትገባ ሊቀበላት የመጣው ሙሉጌታ ጥቁር ለብሷል። እሷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ የጮኸችው «ጋሽ ክፍሉ እየጠበቀችሽ ነው ብሎኝ ነበር እኮ!» እያለች ነው። ሙሉጌታ ምን ያድርግ? ሰውየውን ሊያዋርደው አልፈለገም፤ እሷንም ማጽናናቱ መሰለው። «አዎ፣ ስትጠብቅሽ ነበር፤ እስከ መጨረሻዋ ስምሽን ስትጠራ ነበር። ትናንት ጠዋት አረፈች፣ ከሰዓት ቀበርናት» አላት። ለቅሶ የሚመጣውንም ሰው ሁሉ የሞተችበትን ቀን እንዳያነሳ አስጠነቀቀ። እሷም ሳምንት ብቻ ቆይታ ተመለሰች፤ ውሸቱም አብሯት ተሳፍሮ ዳላስ ገባ።

የተመለሰችው የትምወርቅ ሌላ ሰው ነበረች። ወንበር እየገፋች መሮጧ ቀረ። ቤተ ክርስቲያንም ቀረች፤ ለምን ስትባል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ክፍሉ ምክንያቱን አልጠየቃትም፤ ጥያቄ ጥያቄን እንዳያመጣ ይፈራ ነበር። ባገኛት ቁጥር ልንገራት ይላል፣ ከዚያ ፊቷን ያያል፣ ከዚያ ስለ ቤንዚን ዋጋ ያወራል። በዚያ ዓመት ስለ ቤንዚን ዋጋ እንደ ክፍሉ ያወራ ሰው ቴክሳስ ውስጥ አልነበረም።

በቴክሳስ በጋ ማብቂያ ላይ ለንደን የምትኖር የአክስቷ ልጅ ፀደንያ አንድ ወሬ ነገረቻት። አውሮፓ ውስጥ በረራ የተሰረዘበት ሰው ካሳ የሚያገኝበት ሕግ አለ፤ አየር መንገዱ አልከፍልም ካለም በኢንተርኔት የሚከሰስበት ፍርድ ቤት አለ፣ ጠበቃም አያስፈልግም። «አድራሻዬን ስጪ፣ ደብዳቤው እኔ ጋ ይምጣ» አለቻት። የትምወርቅ ለአየር መንገዱ አመለከተች፤ አልከፍልም አላት። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት ቤት ሄደች፤ ወደ ክፍሉ ቤት።

እሁድ ከሰዓት ነበር። የክፍሉ ባለቤት ዓለምጌጥ ሻይ አቅርባላቸው ወደ ጓዳ ገባች። ክፍሉ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ፣ የትምወርቅ ከጎኑ። ስም፣ አድራሻ፣ የተከሳሹ ስም፣ የበረራው ቀን፤ ይሄ ሁሉ ቀና ነበር። ከዚያ በደሉ የሚጻፍበት ሳጥን መጣ። እሷ እየነገረችው እሱ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ ጻፈ። በረራው መሰረዙን፣ ምግብ መከልከሏን፣ ሆቴል ተነፍጋ ወለል ላይ ማደሯን።

«አሁን ይሄን ጻፍልኝ» አለችው። «እናቴ የሞተችው እኔ መድኃኒቷን ይዤ ኤርፖርታችሁ ወለል ላይ ተኝቼ ሳለ ነው።»

የክፍሉ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቀሩ። ዞር ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እንደ እድል ሆኖ ሳጥኑ ጠባብ ነበር፤ ከተወሰነ ፊደል በላይ አይቀበልም።

«ቦታ የለውም የትምዬ» አላት፤ በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነፍሱን ሊደብቅ። «ማለቴ፣ ካሳው የሚከፈለው ለተሰረዘው በረራ ነው። የሳቸው ነገር ባይገባም ኬዙ አይጎዳም።»

«ኦኬ፣ ሆቴሉን አጥፋው።»

«እንዴት?»

«ሆቴሉን አጥፋው። ምግቡንም አጥፋው። እኔ ስለ ሳንድዊች ነው እንዴ የምከሳቸው? እማዬ ትግባ።»

አጠፋው። እማማ እታለማሁ ገቡ። መጨረሻ ላይ «ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አምናለሁ» የሚል መስመር ነበር፤ እሷ ስሜን ጻፍ አለችው፣ ጻፈ። ላከው። እሷ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለችው። ከዚያች ቃል በኋላ ክፍሉ እራት መብላት አልቻለም።

ሰውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየ ሞትን የሚያህል ነገር የሚናገር ሰው እንዲህ ሲፈራ ማየት ያሳፍራል። እሱም አፍሮ ነበር። አውቶቡሱ ላይ በዕድሜ የገፉ ሴት በተሳፈሩ ቁጥር እግራቸውን ያይ ጀመር። አንድ ቀን ቤት የሚደረግ ጫማ አድርገው የመጡ ፈረንጅ አሮጊት ገጠሙትና መውረጃቸውን አሳለፋቸው፤ እየተቆጡ ወረዱ። ይገባኛል አለ በልቡ።

አየር መንገዱ መጀመሪያ ተከራከረ። ኅዳር ሲገባ ሐሳቡን ለውጦ ጻፈ፤ ሕጉ የሚለውን ካሳ እስከ ዓርብ ከተስማማች እከፍላለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ ግን አልልም፣ ክሱ ይዘጋ። ፀደንያ ደብዳቤውን በስልክ ስታነብላቸው ክፍሉ በደስታ ከወንበሩ ተነሳ። አለቀ! ካሳዋን ትወስዳለች፣ ያቺ ዓረፍተ ነገርም እዚያው ለንደን አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ተኝታ ትቀራለች።

«ሴትል አድርጊ፣ ተስማሚና ይለቅ» አላት። «አሸንፈሻል እኮ!»

«ጥፋተኛ አይደለሁም እያለ?» አለች የትምወርቅ። «እማዬ እየጠራችኝ አስቀርቶኝ? አልፈልግም። ገንዘቡን ይብላው። ቀጠሮ ይሰጡኝና ለንደን እሄዳለሁ። ቫኬሽኔን አጠራቅሜያለሁ፣ ቲኬቱንም እችለዋለሁ። ዳኛው ፊት ቆሜ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ እምላለሁ። በእማዬ አጽም እምላለሁ።»

ክፍሉ ቁጭ አለ። በውሸት መኖር አንድ ነገር ነው፤ እሱ ለወራት ኖሮበታል፣ ገና ይኖርበትም ነበር። ይህች ሴት ግን እሱ በፈጠረው ነገር፣ ባዕድ አገር፣ በእናቷ አጽም ልትምል ነው።

የዚያን ዕለት ለዓለምጌጥ «እነግራታለሁ» አላት። ዓለምጌጥ ነገሩን ከመጀመሪያው ታውቃለች።

«አሁን? ዓመት ሊሞላ?» አለችው። «ብትነግራት እሳቸው አይነሱ። የምታጣው አንተን ነው። ሁለተኛ ደጃችንን አትረግጥም።»

«እሱን አውቃለሁ።»

«ሙሉጌታ ይንገራት። እሱም ዋሽቷል እኮ።»

«ሙሉጌታ የዋሸው እኔን ላለማዋረድ ነው። ይሄ የኔ መርዶ ነው አንቺ።»

ዓለምጌጥ ለመርዶ የሚለብሰውን ጋቢ አውጥታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት።

ረቡዕ ማለዳ ሄደ። የየትምወርቅን ሺፍት ያውቃል፤ የምትወጣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ሽማግሌ አልጠራም፤ ማንን ይዞ ምን ይበል? በሩን አንኳኳ። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከፈተች። ክፍሉን በጋቢ፣ በዚያ ሰዓት አየችና የበሩን መቃን ያዘች።

«ማን ነው?» አለች። «ሙሉጌታ ነው? ጋሼ፣ ሙሉጌታ ነው?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። ማንም አልሞተም።»

«አንተ በዚህ ሰዓት ለመርዶ እንጂ አትመጣም!»

«ግቢ፣ ተቀመጪ የትምዬ። ሁሉም ደህና ናቸው፣ በማርያም።»

ተቀመጠች። ክፍሉ ግን መቀመጥ አልቻለም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ ጀምሮ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ እያወራ ነበር የሚደርስበት። ዛሬ ያ ሁሉ ጠፋበት።

«እማማ እታለማሁ ያረፉት አንቺ ለንደን ሳለሽ አይደለም። ከዚህ ሳትነሺ ነው። ሙሉጌታ ለኔ ደውሎ ነበር። ብቻሽን እንዴት ትሄዳለች ብዬ ደበቅሁሽ። ከለንደን ስትደውዪም የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ሙሉጌታ ያለሽን ያለው እኔን ብሎ ነው።»

ክፍሉ ጩኸት ጠብቆ ነበር፤ አቅፎ ለመያዝ እጁ ተዘጋጅቶ ነበር። ጩኸት የለም። የትምወርቅ በቀጭን ድምፅ ጠየቀችው።

«ታዲያ ስሜን ስትጠራ ነበር የተባለውስ?»

«አልጠሩም። በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት፤ ምንም ሳይሰማቸው።»

«አልጠበቀችኝም?»

«አልጠበቁሽም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ዓመቱን ሙሉ እናቷ በር በሩን እያዩ ሲጠሯት ትሰማ ነበር፤ አሁን ያ ድምፅ ተወላት። ክፍሉ በልቡ ተመስገን አለ። ምናልባት ይቅር ትለኝ ይሆናል ብሎም አሰበ፤ ሰው መቼም ተስፋ አይቆርጥ።

እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች። «እዚያ ወለል ላይ ሆኜ ተስያለሁ ጋሼ። እማዬን በሕይወት ካገኘኋት ብዬ ማርያምን ተስያለሁ። ሳትሰማኝ ስትቀር እኮ ነው ቤተ ክርስቲያን የቀረሁት። የሞተች ሴት እንዳትሞት ስለምን፣ አንተ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ተመልሼ መጥቼ ለቅሶ ስትደርሰኝ፣ ያንን ስትጽፍልኝ፣ ሁሌ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር። በደልኩሽ።»

ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ስትመለስ ድምፅዋ የሥራ ድምፅ ሆኗል። «እስከ ዓርብ ነው አይደል ያሉት? ለፀደንያ እኔው ደውዬ እስማማለሁ እላታለሁ። ለበረራው ይክፈሉኝ፤ በረራውን ሰርዘዋል። እማዬን ግን እነሱ አልነኩም። የቀረውን እኔው እጽፋለሁ፤ አንተ ከእንግዲህ ምንም አትጻፍልኝ።»

«እሺ።»

ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ቀኑን አልነገርከኝም። መቼ ነው የሞተችው?»

«ቅዳሜ። በጠዋት ነው የደወሉልኝ።»

«ቅዳሜ» አለች የትምወርቅ። ፊቷን ወደ እሱ ሳታዞር ነው የተናገረችው። «ቅዳሜ ከሰዓት ጫማ ስንገዛላት ነበር። ትልቁን ውሰጂ ያልከኝ አንተ ነህ። እግሯ ያብጣል ብለህ።»

ክፍሉ ጋቢውን ትከሻው ላይ ሰበሰበ።

«በል ውጣልኝ፣ ቤቱን ልቆልፍ። የምገፋቸው ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።»

ወጣ። ከኋላው ቁልፉ ሲዞር ሰማ፤ እሷ በደረጃው አልፋው ወርዳ፣ መኪናዋን አስነሥታ ስትሄድ ቀና ብሎ አላያትም። መርዶ ነግሮ ከሰው ቤት ሲወጣ ሁሌም አልቅሶ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቃቅፎ ነበር። ዛሬ እዚያ ደረጃ ላይ ማልቀስ አልተገባውም፤ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ልታገስ አለ። መኪናውን ግን እንደ ልማዱ ከሎንደሪው ጀርባ፣ ራቅ አድርጎ ነበር ያቆመው።